ካዛንቺስ የማን ስም ነው?

ያደግኩበት መንገድ ሁለት ስም አለው። በካርታ ላይ «ጊኒ ኮናክሪ ጎዳና» ይባላል። በሰው አፍ ግን ካዛንቺስ ነው፣ በቃ። ታክሲ ውስጥ ሆኖ «ጊኒ ኮናክሪ ጋ ወራጅ አለ» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ቢል ራሱ ወያላው ዞሮ ያየዋል እንጂ አያወርደውም።

ይሄ ብቻውን ቢሆን ያስቃል እንጂ አያስጨንቅም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የሰሌዳው ስምና የሰዉ ስም የማይተዋወቁበት መንገድ ሞልቷል። የቦሌ መንገድ «አፍሪካ ጎዳና» ነው፤ ማን ይለዋል? የካዛንቺሱ ግን ለየት ይላል። ከሁለቱ ስሞች አንዱ ቅኝ ገዢዋን ፊት ለፊት «እምቢ» ያለች አገር ስም ነው። ሌላው እኛን ቅኝ ሊገዛ የመጣው ወራሪ ጥሎት የሄደ ቃል ነው። ሁለቱ ቀርበውልን የወራሪውን መረጥን።

አያቴ ይህን ምርጫ እስኪሞቱ ድረስ አልተቀበሉትም። እማማ ደግሞ ምርጫ መሆኑም አይታያቸውም ነበር። እኔ በሁለቱ መሃል ነው ያደግኩት፤ ጥያቄውም ከዚያ ነው የመጣብኝ። ክፉ ሰው ያወጣውን ስም መጥራት ክፋቱን መቀበል ነው? ወይስ ስም አንዴ ከአውጪው እጅ ከወጣ የጠሪው ነው?

* * *

ቤታችን ውስጥ አያቴ ሰፈሩን «ዑራኤል» ነበር የሚሉት። ደብዳቤ ሲያጽፉን፣ እንግዳ ሲጠሩ፣ የለቅሶ ቤት አድራሻ ሲነግሩ፣ ሁሌም «ከዑራኤል ከፍ ብሎ»። እንግዳው ዑራኤል ይደርስና ይጠፋል። እኛ ልጆቹ ፈልገን እንድናመጣው እንላካለን። አንድ ቀን ከገጠር የመጣ ዘመድ ግማሽ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጦ ጠበቀን። እማማ ተናደዱ።

«ካዛንቺስ ቢሉት ምን አለበት? ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀው ነበር።»

«የእሱን ስም በአፌ አልጠራም።»

«የማንን?»

«የጣሊያንን።»

«የትኛው ጣሊያን? ሁሉም ሄዷል እኮ! እኔ ካዛንቺስ ስል የሚታየኝ ወልጄ ያሳደግኩበት ቤት ነው።»

«ላንቺ ባይታይሽም፣ እሱ ሲሰማ ደስ ይለዋል።»

ይህ ጭቅጭቅ ቤታችን ውስጥ በየጊዜው ይነሳ ነበር። እንደ ቀልድ ይጀምራል፤ አንዳንዴ እንደ ቀልድ አያልቅም። ምክንያቱም የአያቴ አባት የሞቱት በየካቲት 12 ነው። 1929 ዓ.ም.፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከተማው ለሦስት ቀን ሲታረድና ሲቃጠል፣ አያቴ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። በኢትዮጵያ በኩል 30,000 ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ ለአያቴ ግን ቁጥሩ አንድ ነበር። ንዴታቸውን ያወጡት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ አንድ ቃል ባለመናገር።

* * *

ቃሉ ከየት እንደመጣ ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የመንግሥት ሠራተኞቹን የሚያኖርበት ቤት ያስፈልገው ነበር። በአገሩ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ «ኢንቺስ» በሚል አህጽሮት የሚታወቅ ድርጅት ነበረው። ድርጅቱ የሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የኛ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ካዛንቺስ ሆነ።

እነዚያ ቤቶች የአንድ ትልቅ ሐሳብ ክፍል ነበሩ። በወራሪው ፕላን ነጭና «የአገሬው ሰው» ተለያይተው ነው የሚኖሩት። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ የአገሬው ገበያ። በ1929 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ደግሞ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። እንግዲህ «ካዛንቺስ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ሲነገር አድራሻ ብቻ አልነበረም። ለእኛ የሚለው ነገር «እናንተ እዚህ አትኖሩም» ነበር።

አምስት ዓመት ነው የቆየው። ከ1933 በኋላ ቤቶቹ ውስጥ እኛ ገባን። አጠገባቸው ሌላ ቤት ተሠራ፤ ግቢው ተከፋፈለ፤ በቤቱ ጀርባ ጭቃ ቤት ተቀጠለ። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙው የቀበሌ ሆነ። እኔ የተወለድኩበት ግቢ ውስጥ ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት ነበር። ፕላኑን የነደፈው ሰው ተነስቶ ቢያይ ራሱን ይስታል።

* * *

አሁን ወደ ጥያቄው። የአያቴን ሐሳብ በደንብ ላስቀምጠው፤ ምክንያቱም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ስም ክብር ነው ነው የሚሉት። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ስንል ሰው ከሞተ በኋላ የሚቀረው ስሙ ነው ማለታችን ነው። ታዲያ አባቴን የገደለውን ሰው ስም ከመቃብር በላይ አውዬ፣ የአባቴን ለምን ከመቃብር በታች አደርጋለሁ? በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወራሪውን በስሙ ሲጠራው፣ ሽንፈቱ ሽንፈት ይባላል?

ለዚህ ያለኝ የመጀመሪያ መልስ፣ መሰየምና መጥራት አንድ አይደሉም የሚል ነው። መሰየም ከላይ ይመጣል፤ ሰውን ወይም ቀንን ለማክበር ነው። መጥራት ከታች ይመጣል፤ ለመገናኘት ነው። የአዲስ አበባን የሰፈር ስሞች አስቧቸው። ዶሮ ማነቂያ። ሰባራ ባቡር። እሪ በከንቱ። የትኛው ነው ክብር? ሰባራ ባቡር ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ያስታውሳል፤ እዚያ ጋ ተሰብሮ ቆመ ይባላል። እሪ በከንቱ ደግሞ ሌባ ሲዘርፍህ ብትጮህም የሚደርስልህ የለም ለማለት የወጣ ስም ነው። ሰፈርተኛው ሌባውን ለማክበር አይደለም እንዲህ ያለው። የሆነውን ነው የያዘው።

ሰዉ ጣሊያንን ወዶ ነው ካዛንቺስ የሚለው እንዳንል ደግሞ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አሉ። የአራት ኪሎው አደባባይ ስሙ «ሚያዝያ 27» ነው፤ ነፃ የወጣንበት ቀን። የስድስት ኪሎው «የካቲት 12» ነው፤ የታረድንበት ቀን። ከነዚህ የሚበልጥ የራሳችን የሆነ ስም የለም። ግን «ስድስት ኪሎ እንገናኝ» ነው የምንለው። ሆስፒታሉን ሲሆን «የካቲት 12» እንላለን፤ ምክንያቱም በሽተኛ ይዘን እንሄዳለን፤ ካርድ እናወጣለን፤ እናድራለን። ስም አፍ ውስጥ የሚገባው ጉዳይ ስላለን ነው እንጂ ስለሚገባው አይደለም።

ጊኒ ኮናክሪ ያልያዘውም ለዚህ ይመስለኛል። ስሙ ያንሳል ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1958 ፈረንሳይ ለቅኝ ግዛቶቿ በሕዝበ ውሳኔ አንድ ጥያቄ አቀረበች፦ ከእኔ ጋር በአንድ ማኅበረሰብ ትቀጥላላችሁ? በፈረንሳይ ሥር ከነበሩት የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ግዛቶች «አይ» ያለችው ጊኒ ብቻ ነች። ፈረንሳይ ሠራተኞቿንና ድጋፏን በችኮላ አንስታ ወጣች፤ ጊኒ ግን በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ነፃ አገር ሆነች። መሪዋ ሴኩ ቱሬ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ ነበር። የመሥራቾቹ ስብሰባ የተካሄደበት የአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ ከካዛንቺስ ጥግ ነው።

ይህን ታሪክ ለአያቴ ቢነግሯቸው ኖሮ «ጊኒ» ማለት ይጀምሩ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን የነገራቸው የለም። ሰሌዳ ተተከለ፤ ተረቱ አልመጣም።

ተረቱ ሲመጣ ደግሞ ሙሉውን ነው የሚመጣው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ጊኒያዊው ዲያሎ ቴሊ ነበር። ከ1964 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው የሠራው። ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሴራ ተከሶ ካምፕ ቧሮ የሚባል እስር ቤት ገባ፤ በ1977 እዚያው ሞተ። ያሰረው መንግሥት የሴኩ ቱሬ ነው፤ ያ «እምቢ» ያለው። እንግዲህ ንጹሕ የመሰለንም ስም ውስጡ ሬሳ አለ። ንጹሕ ስም ፈልገን መንገድ እንሰይም ካልን፣ መንገዶቻችንን በቁጥር ብቻ መጥራት ሊኖርብን ነው።

* * *

እስካሁን እማማ እያሸነፉ ይመስላል። ይህን ጽሑፍ እዚህ ጋ ማቆም ይቻል ነበር፦ «ቃሉን ከወራሪው ቀማነው፣ የኛ አደረግነው፣ ድል ነው» ብሎ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲባል እሰማለሁ፤ ደስም ይላል። አንድ ነገር ግን አላስተኛኝም። ቀማነው ወይስ ረሳነው?

ጣሊያኖች በየቀኑ የሚናገሩት አንድ ቃል አላቸው፦ «አምባራዳን»። ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው። እናት ልጇን «ይሄ ክፍል ምን አምባራዳን ነው!» ልትለው ትችላለች። የቃሉ ምንጭ አምባ አራዶም ነው፤ ከመቀሌ በስተደቡብ ያለው ተራራ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ የራስ ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊት እዚያ ተመታ። ሲያፈገፍግ ከአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ራስ ሙሉጌታም በዚያው ማፈግፈግ ላይ ሞቱ። ያ ሁሉ ዛሬ ሮም ውስጥ ያልተስተካከለ መኝታ ቤት ስም ነው።

እናቲቱን ክፉ ናት ልንል አንችልም። አታውቅም። ስትናገር አምባ አራዶም አይታያትም፤ የሚታያት የልጇ ክፍል ነው። ልክ እማማ ካዛንቺስ ሲሉ የሚታያቸው ቤታቸው እንደሆነው። ታዲያ ሁለቱ እኩል ናቸው?

አይደሉም ባይ ነኝ። አንዷ የረሳችው ወገኖቿ ያደረጉትን ነው፤ ሌላዋ የረሱት በወገናቸው ላይ የተደረገውን ነው። ያደረገ ሲረሳ የሚያመልጠው ዕዳ ነው። የተደረገበት ሲረሳ አንዳንዴ ለመኖር ነው። እማማ በየቀኑ ቧንቧ ጋ ወረፋ ሲይዙ ግራዚያኒን እያሰቡ መዋል አለባቸው ማለት ጭካኔ ነው።

ግን ልዩነቱ ለዘላለም አይቆይም። እማማ የረሱት አውቀው ነው፤ ከማን ቤት ውስጥ እንደገቡ ያውቁ ነበር። እኔ ያልኩት ደግሞ አያቴ እምቢ ሲሉ ስለሰማሁ ነው። ከኔ በኋላ ያለው ልጅ ሲል ምንም የለውም። ለእሱ ካዛንቺስ ዝም ብሎ ድምፅ ነው። ያኔ የኛ ካዛንቺስና የነሱ አምባራዳን አንድ ዓይነት ይሆናሉ፦ ሰው የሞተበት፣ ሰው የተገፋበት፣ ግን ማንንም የማያስታውስ ቃል።

እዚህ ላይ ነው አያቴ የሚመለሱት። ቤታችን ውስጥ ስሙን የጠበቀው የእማማ መጥራት ብቻ እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል። የአያቴም አለመጥራት ነው። እማማ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ፣ ስሙ ያለ ምክንያቱ ይተላለፍልኝ ነበር። አያቴ ብቻቸውን ቢሆኑ፣ ስሙም ምክንያቱም አይደርሱኝም ነበር፤ ዑራኤል ብዬ አድጌ ከጎረቤት ልጅ ጋር አልግባባም ነበር። የደረሰኝ ጭቅጭቁ ነው። አንዱ «ካዛንቺስ» ሲል ሌላው «ለምን?» ማለቱ።

ስለዚህ ለጥያቄዬ መልስ ስጥ ብባል፦ ስም የአውጪውም የጠሪውም አይደለም። አደራ ነው። አደራ ደግሞ የያዝከው ሰው ንብረት አይደለም፤ እንደፈለግክ አታጠፋውም፣ እንደፈለግክም አትለውጠውም። ለባለቤቱ ታደርሰዋለህ። የሰፈር ስም ባለቤት ገና ያልተወለደው ነው። ለእሱ ስሙን ያለ ምክንያቱ ማድረስ አደራን ግማሹን በልቶ ግማሹን መመለስ ነው።

ይህ ማለት ምንም ስም አይነካ ማለት አይደለም። ገዳይን ለማክበር የተሰየመ ነገር ሌላ ነው። አፊሌ የምትባል የጣሊያን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠራች፤ ያ ዝም አይባልም፤ ኢትዮጵያውያንም ተቃውመዋል። ሮም ደግሞ «አምባ አራዳም» ሊባል የነበረውን የባቡር ጣቢያ፣ በ2020 የከተማው ምክር ቤት ከሶማሊያዊት እናት በተወለደው የፀረ ፋሺስት ታጋይ በጆርጆ ማሪንኮላ ስም እንዲሰየም ወሰነ። ጥሩ ነው እላለሁ። እዚያ ስሙ የተመረጠው ድልን ለማክበር ነበርና። ካዛንቺስን ግን ለክብር የሰየመው ሰው የለም። የቤት አከራይ አህጽሮት ነው፤ ሰዉ በመኖር ሞላው።

* * *

ይህን አሁን የምጽፈው በምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ፈረሰ። የኛም ግቢ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፤ ማታ መብራቱ ያምራል። አንድ ሽንት ቤት ለሰባት አባወራ ናፍቆኛል ብል እዋሻለሁ። እናቴ ዛሬ በከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናት፤ የራሷ ቁልፍ፣ የራሷ ውሃ አላት።

እሁድ ግን እድር አለባት። እድሩ አልፈረሰም። አባላቱ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ሰው ሲሞት ግን ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይረው ይመጣሉ። አክስቴ በቀደም ለአዲሷ ጎረቤቷ ራሷን ስታስተዋውቅ «እኛ የካዛንቺስ ሰዎች ነን» ስትል ሰማኋት። ልብ በሉ፣ እዚያ የሚኖር ሰው ከእኛ ቤት አንድም የለም። ስሙ ከመሬቱ ተነቅሎ ከሰዎቹ ጋር ሄዷል። የሚገርመው፣ አያቴ በሕይወት ቢኖሩ «ዑራኤል» የሚለው ስማቸው ነው ቦታው ላይ የሚቀረው። ቤተ ክርስቲያኑ አለና።

ጥያቄዬ ለነገ ነው። ታክሲው አሁንም «ካዛንቺስ!» እያለ ይጠራል። አዲሱ ሕንፃ ውስጥ የሚገባው ሰው ስሙን ያገኘዋል፤ ስሙን ሲሰማ «ለምን?» የሚል አያት ግን የለውም። የጣሊያኑ ፕላን፣ ከዚያ የሰባቱ አባወራ ግቢ፣ ከዚያ የአስፋልቱ መብራት፣ ሦስቱም በአንድ ቃል ውስጥ ናቸው። ቃሉን የሚፈታው ሰው ከሌለ ሦስቱም የሉም።

እናንተም የምትኖሩበት ሰፈር ስም አለው። ላም በረት፣ ቄራ፣ ሲኤምሲ፣ ሠራተኛ ሰፈር። ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ያለውን ትልቅ ሰው «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዱ ሲመልስ ሌላው «እንደዚያ አይደለም» ሊል ይችላል። አትገላግሏቸው። ስልካችሁን አውጡና ሁለቱንም ቅረጹ።

እኔ የእህቴን ልጅ ጀምሬያለሁ። አራት ዓመቷ ነው። ካዛንቺስ እላታለሁ፤ ቀጥዬ ደግሞ ቅድመ አያቷ ይህን ቃል በአፋቸው እንደማያደርጉት እነግራታለሁ። «ለምን?» ትላለች። ለጊዜው የምመልስላት «የሰው ቤት ነው፣ ግቡ ሳንባል ገባን» ብዬ ነው። ስታድግ የቀረውን እጨምርላታለሁ፤ የየካቲቱን፣ የጊኒውን፣ የእድሩን። እሷም አንድ ቀን ከኔ ጋር እንደማትስማማ ተስፋ አደርጋለሁ።